ጠዋት ይቆማል፣ ማታ እምቢ ይላል
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ እትም አምዳችን ስለ ስንፈተ ወሲብ የደረሱንን ደብዳቤዎች ብቻ ይዟል። የጠያቂዎችን ስም አላወጣንም፤ ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎችም አሳጥረናል። ሐኪም ስንፈተ ወሲብ የሚለው ብልት ለግንኙነት የሚበቃ ጥንካሬ ማግኘት ሲያቅተው፣ ወይም ቆሞ እስከ ፍጻሜው መቆየት ሲያቅተውና ይህም ለሦስት ወር ያህል ሲደጋገም ነው። ከመጠጥ፣ ከእንቅልፍ እጦት ወይም ከጠብ በኋላ አንድ ሌሊት እምቢ ማለቱ በሽታ አይባልም። የፍላጎት መጥፋትና ቶሎ መርጨትም ራሳቸውን የቻሉ ሌላ ጉዳዮች ናቸው፤ በደብዳቤዎቹ ውስጥ ግን ሦስቱ ተቀላቅለው ነው የሚመጡት።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 29 ነው፤ ካገባሁ አምስት ወሬ። ጠዋት ስነቃ ብልቴን እንደ ድሮው ቆሞ አገኘዋለሁ፤ ብቻዬን ስሆንም ችግር የለም። ከባለቤቴ ጋር ስንሆን ግን መጀመሪያ ይቆምና ልክ ልንጀምር ስንል፣ በተለይ ኮንዶም ሳጠልቅ፣ ይለሰልሳል። አሁን አሁንማ ገና መኝታ ቤት ስንገባ ልቤ መምታት ይጀምራል። የደም ሥሬ ተበላሽቶ ይሆን? አልትራሳውንድ ልታይ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ የጠየቁትን ከሞላ ጎደል ራስዎ መልሰውታል። ጤናማ ወንድ ተኝቶ እያለ፣ በተለይ ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል፣ በአንድ ሌሊት ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ብልቱ ይቆማል። ጠዋት ሲነቁ የሚያዩት የመጨረሻውን ነው። ያ እንዲሆን ነርቩም ደም ሥሩም መሥራት አለባቸው። ደም ሥሩ የተበላሸ ሰው ደግሞ ጠዋት ጠዋት ብቻ አይድንም።

ታዲያ ማታ ምን ይነካዋል? ብልት ውስጥ ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት ስፖንጅ መሰል አካላት አሉ። በሌላው ጊዜ በውስጣቸው ያለው ጡንቻ ስለሚኮማተር ደም በጥቂቱ ይገባል፣ ወዲያው ይወጣል። ስሜት ሲቀሰቀስ ከአከርካሪ ታችኛው ክፍል የሚመጡት ነርቮች ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃሉ። ጡንቻው ይላላል፣ ደም ቅዳዎቹ ይሰፋሉ፣ ስፖንጁ በደም ይሞላል። ሲሞላና ሲወጠር ደግሞ ደም መልሶቹን ከጠንካራው የውጭ ሽፋን ጋር ተጭኖ ይዘጋቸዋል። ስለዚህ ጥንካሬ የሚገኘው ደም ስለገባ ብቻ አይደለም፤ መውጫውም ሲዘጋ ነው። ሰው ሲጨነቅ የሚመነጨው አድሬናሊን ያንኑ ጡንቻ መልሶ ያኮማትረዋል፤ መውጫው ይከፈታል፣ ብልቱ ይለሰልሳል። «ዛሬስ ይወድቅ ይሆን?» እያሉ መከታተል ራሱ የሚጥለው በዚህ መንገድ ነው። ጉዳዩ ከሐሳብ ይጀምር እንጂ ውጤቱ እውነተኛ የአካል ለውጥ ነው፤ «ፈርተህ ነው፣ ተወው» የሚል ምክር የማይረዳውም ለዚሁ ነው።

አልትራሳውንዱ አሁን አያስፈልግዎትም። የሚያስፈልግዎት የደም ግፊት መለካት፣ የስኳር ምርመራና የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ለሐኪም መንገር ነው። ከዚያ ከባለቤትዎ ጋር ተስማምታችሁ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ግንኙነትን ሙሉ በሙሉ ከሐሳባችሁ አውጡ። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ መጀመሪያ ብልትና ጡትን ሳትነኩ ሌላውን አካል ብቻ ተዳሰሱ። በሁለተኛው ሳምንት ብልትንም ጨምሩ፤ ቢቆምም ግን ወደ ግንኙነት አትሂዱ። እንዲያውም ሲቆም ሆን ብላችሁ አቁሙና ይለስልስ፤ ከዚያ እንደገና ጀምሩ። የወደቀው ተመልሶ እንደሚነሳ ሰውነትዎ የሚማረው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት በመጀመሪያው መልካም ምሽት ደንቡን ጥሰው ወደ ድሮው ሲመለሱ ነው፤ ያኔ ፈተናውም ፍርሃቱም አብረው ይመለሳሉ።

ኮንዶሙን በተመለከተ ብቻዎን ሆነው፣ መብራት አጥፍተው፣ እጅዎ እስኪለምድ ማጥለቅ ይለማመዱ። ሥሩ ላይ የሚያንቅ ከሆነ ሰፋ ያለ ይግዙ። በሁለት ወር ለውጥ ካላዩ፣ ወይም የጠዋቱም መድከም ከጀመረ፣ ሐኪም ጋ ይሂዱ፤ ለጊዜው በራስ መተማመንን ለመመለስ ሐኪም አነስተኛ መጠን ያለው ክኒን የሚያዝበት ጊዜም አለ።

ጥያቄ፦ 47 ዓመቴ ነው። ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ሆኖኛል፤ ቀስ በቀስ ነው የመጣው። መጀመሪያ ጥንካሬው ቀነሰ፣ ቀጥሎ ቶሎ ይወድቅ ጀመር፣ አሁን የጠዋቱም የለም። ፍላጎቴ ግን እንዳለ ነው። ሌላ በሽታ የለብኝም፤ ምርመራ አድርጌም አላውቅም። በቀን አንድ ፓኬት ሲጋራ አጨሳለሁ፣ ሆዴም ገፋ ብሏል። ጓደኛዬ «ቴስቶስትሮንህ ወርዷል፣ መርፌውን ጀምር» ይለኛል። ልጀምር?

መልስ፦ አይጀምሩ። «ሌላ በሽታ የለብኝም» የሚለው ቃልዎ «ምርመራ አድርጌ አላውቅም» ከሚለው ጋር አብሮ አይሄድም፤ የሚያሳስበንም ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድነት ሆርሞን ጉዳይ ሳይሆን ይኸኛው ነው።

ለብልት ደም የሚያደርሱት ደም ቅዳዎች ስፋት ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ነው፤ የልብ ጡንቻን የሚመግቡት ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር። ሲጋራ፣ ስኳር፣ ግፊትና ኮሌስትሮል የደም ሥርን ውስጠኛ ሽፋን የሚጎዱት በመላ ሰውነት ነው፤ ጠባቡ ግን ቀድሞ ይታወቃል። ከደም ሥር መጥበብ የሚመጣ ስንፈተ ወሲብ ከልብ ሕመም ምልክቶች ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ቀድሞ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ቀስ በቀስ መምጣቱ፣ በሁሉም ሁኔታ መኖሩ፣ የጠዋቱ መጥፋቱና ፍላጎት እያለ መሆኑ፣ አራቱም ወደ ደም ሥር ይጠቁማሉ። በእርስዎ ዕድሜ ይህን ምልክት ማግኘት፣ በጊዜ ከተጠቀሙበት፣ ልብን ለማዳን የተሰጠ ቀነ ቀጠሮ ነው።

ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ዋናው ምርመራ ጭውውቱ ነው። ድንገት ነው ወይስ ቀስ ብሎ? ሁልጊዜ ነው ወይስ አንዳንዴ? ጠዋትስ? ብልት ሲቆም ይጎብጣል? ያማል? ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? ምን ያህል ይጠጣሉ? ማንኮራፋትና ቀን ቀን እንቅልፍ አለ? የዳሌ አጥንት ስብራት፣ የፕሮስቴት ወይም የትልቁ አንጀት ቀዶ ጥገናስ? ጥንካሬውን ከ1 እስከ 4 ባለው መለኪያ ቢናገሩት ሐኪሙ ይረዳዎታል። 1 ማለት ያብጣል ግን አይጠነክርም፤ 2 ይጠነክራል ግን ለማስገባት አይበቃም፤ 3 ለማስገባት ይበቃል ግን ሙሉ አይደለም፤ 4 ሙሉ በሙሉ ጠንካራና የማይታጠፍ ነው። አምስት ጥያቄ ያለው መጠይቅም ይሰጥዎ ይሆናል። ያለፉትን ስድስት ወራት የሚመለከት ሆኖ ድምሩ ከ5 እስከ 25 ይደርሳል፤ 22 እና ከዚያ በላይ ጤናማ ነው፣ ከ17 እስከ 21 ቀላል፣ ከ12 እስከ 16 ከቀላል ከፍ ያለ፣ ከ8 እስከ 11 መካከለኛ፣ 7 እና ከዚያ በታች ከባድ። መጠይቁ ክብደቱን ይለካል እንጂ መንስኤውን አይነግርም።

በአካል ምርመራ የደም ግፊት፣ የወገብ ዙሪያ (ከ102 ሴንቲሜትር በላይ ከሆነ ያሳስባል)፣ የብሽሽትና የእግር የደም ትርታ፣ የዘር ፍሬ መጠን፣ የጡት ማበጥ፣ በብልት ላይ የሚዳሰስ ጠጣር ነገር መኖር አለመኖሩ ይታያል። ሱሪ ሳያስወልቅ ክኒን ጽፎ የሚሸኝ ሐኪም ግማሹን ሥራ አልሠራም።

የደም ምርመራው አጭር ነው። በጾም የተወሰደ ስኳር በዴሲሊትር 126 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ፣ ወይም ኤችቢኤዋንሲ የሚባለውና የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየው ምርመራ 6.5 ከመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥ የስኳር በሽታ ነው። በዚህ መንገድ ስኳር እንዳለባቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያውቁ ወንዶች ጥቂት አይደሉም። ከዚያ ኮሌስትሮልና ሌሎች የደም ቅባቶች፣ የኩላሊት ምርመራ፣ በመጨረሻም ቴስቶስትሮን።

ቴስቶስትሮን ቀን ከሌት እኩል አይደለም፤ ጠዋት ከፍ ብሎ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል፣ ምግብም ያወርደዋል። ስለዚህ ደሙ በባዶ ሆድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ይወሰዳል። ከሰዓት በኋላ ተለክቶ «ወርዷል» የተባለ ቁጥር ምንም አይነግርም። አንዴ ዝቅ ብሎ ቢገኝ በሌላ ጠዋት ይደገማል። በሁለቱም ጊዜ በዴሲሊትር ከ300 ናኖግራም በታች ሲሆንና ምልክትም ሲኖር ነው ጉድለት የሚባለው። ያኔም ወደ መርፌ አይሮጥም፤ ኤልኤችና ፕሮላክቲን የሚባሉት ሆርሞኖች ይለካሉ፤ ፕሮላክቲን በጣም ከፍ ካለ አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ እጢ ላይ እብጠት መኖሩ ይፈተሻል። ቴስቶስትሮን ሲጎድል አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚደክመው ፍላጎት ነው፤ የእርስዎ ፍላጎት ደግሞ እንዳለ ነው ብለዋል። ሳያስፈልግ ከውጭ የሚወሰድ ቴስቶስትሮን የሰውነትን የራሱን ምርት ያስቆማል፤ የዘር ፍሬ ይቀንሳል፣ የዘር ሕዋስ ይጠፋል፣ ደም ይወፍራል። ገና ልጅ ለመውለድ የሚያስብ ሰው ጭራሽ ሊነካው አይገባም።

ምርመራው እስኪጠናቀቅ የሚጀምሩት አለ። ሲጋራውን ያቁሙ፤ መቀነስ ሳይሆን ማቆም። ልብዎ ደህና መሆኑን ሐኪም ካየ በኋላ ላብ የሚያወጣ እንቅስቃሴ በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን 40 ደቂቃ ያድርጉ፤ ውጤቱ የሚመዘነው በስድስት ወር እንጂ በስድስት ቀን አይደለም። ሁለት ፎቅ ደረጃ ሲወጡ ደረትዎን የሚያጨንቅዎ ወይም ትንፋሽ የሚያሳጥርዎ ከሆነ ግን ከእንቅስቃሴውም ከግንኙነቱም በፊት የልብ ሐኪም ይቅደም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ 52 ዓመቱ ነው። ስኳር ካለበት ዘጠኝ ዓመት ሆነው፣ የደም ግፊት መድኃኒትም ጀምሯል። ግንኙነታችን ከተቋረጠ ዓመት አለፈ። እኔ ሌላ ሴት ይዞ ነው ብዬ ተጣልቼው ነበር። ኋላ ላይ የግፊት ክኒኑን ደብቆ እንዳቆመ አገኘሁበት፤ «ወንድነቴን የገደለው እሱ ነው» ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እህታችን፣ በከፊል ሊሆን ይችላል፤ ማቆሙ ግን አደገኛ ነው። ያልታከመ ግፊት ራሱ የብልትን ደም ሥር ያበላሻል፤ ከዚያም አልፎ አንጎል ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል። ዛሬውኑ ግፊቱን ይለካ፤ ክኒኑን ማቆሙንም ሳይደብቅ ለሐኪሙ ይንገር። አለበለዚያ ሐኪሙ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ሌላ ይጨምርበታል።

ከግፊት መድኃኒቶች ውስጥ ስማቸው የሚነሳው ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ክሎርታሊዶን፣ ስፓይሮኖላክቶን፣ እንዲሁም የልብን ምት ከሚያዘገዩት ቤታ ብሎከሮች እነ ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎል ናቸው። እንደ ኤናላፕሪል፣ ሎሳርታንና አምሎዲፒን ያሉት ብዙም አይነኩትም፤ ስለዚህ ሌላ በሽታው ከፈቀደ መቀየር ይቻላል። ለልብ ድካም ወይም ከልብ ድንገተኛ ሕመም በኋላ የታዘዘ ቤታ ብሎከር ግን በቀላሉ የሚቀየር አይደለም። አንድ የሚገርም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት አቴኖሎል ከወሰዱ የልብ ሕመምተኞች መካከል የመድኃኒቱ ስም ካልተነገራቸው 3.1 ከመቶ፣ ስሙ ብቻ ከተነገራቸው 15.6 ከመቶ፣ ስሙም «ወሲብ ላይ ችግር ሊያመጣ ይችላል» የሚለውም ከተነገራቸው 31.2 ከመቶ የሚሆኑት ችግሩ እንዳጋጠማቸው ተናግረዋል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ የጨመረው ወሬው ነው።

ከግፊት ውጭም የድብርት መድኃኒቶች (ፍሉኦክሴቲን፣ ሰርትራሊን፣ ፓሮክሴቲን)፣ ፕሮላክቲንን ከፍ የሚያደርጉ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች፣ ለፀጉር መሳሳትና ለፕሮስቴት የሚሰጠው ፊናስቴራይድ፣ ሞርፊን መሰል የሕመም ማስታገሻዎችና አልኮል ተጠያቂ ሊሆኑ ይችላሉ። ጥሩው ምልክት ጊዜው ነው፤ ችግሩ መድኃኒቱ በተጀመረ ወይም መጠኑ በጨመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመጣ መጠርጠር ይገባል። የባለቤትዎ ከመድኃኒቱ በፊት መጀመሩን ለይተው ቢያስታውሱ ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው።

እንደ ደብዳቤዎ ከሆነ እኛ ይበልጥ የምንጠረጥረው ስኳሩን ነው። ስኳር በሁለት በኩል ይመታል፤ ነርቩን ያደክማል፣ የደም ሥሩ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የማመንጨት አቅሙንም ይቀንሳል። ስኳር ባለባቸው ወንዶች ይህ ችግር ከሌሎች ከ10 እስከ 15 ዓመት ቀድሞ ይመጣል። እግሩ ጣቶች ላይ መደንዘዝ ወይም ማቃጠል ካለ የነርቩ ጉዳት ሌላ ቦታም መኖሩን ይጠቁማል። ኤችቢኤዋንሲው ሲስተካከል መበላሸቱ ይቆማል ወይም ይዘገያል፤ የሞተ ነርቭ ግን ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ስለሚችል ክኒን፣ ካልሆነም መርፌ ወይም ሌላ መንገድ ይጨመርበታል።

የእርስዎን ጥርጣሬ በተመለከተ፣ ወንዶች መውደቅን ስለሚፈሩ መሳሳምና መተቃቀፍንም ይሸሻሉ፤ ይህ ከውጭ ሲታይ ፍቅር የቀዘቀዘ ይመስላል። ቀጠሮው ላይ አብረውት ቢገቡ ጥሩ ነው። እሱ የሚዘነጋውን፣ ማንኮራፋቱንም የጠዋቱንም ሁኔታ፣ እርስዎ ይናገራሉ።

ጥያቄ፦ 58 ዓመቴ ነው። ጓደኛዬ የሰጠኝን ቫያግራ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፤ እራት በልተን፣ ጥቂት ጠጥተን ነበር፤ ራስ ምታት እንጂ ሌላ አላገኘሁበትም። ሁለት ክኒን አንድ ላይ ልውጥ? ደረቴን ሲያመኝ ምላሴ ሥር የማደርጋት ክኒንም አለችኝ፤ እሷ ችግር አታመጣም አይደል?

መልስ፦ ታመጣለች፤ እስከ ሞት። ከምላስ ሥር የምትሟሟው ናይትሮግሊሰሪን፣ እንዲሁም በየቀኑ የሚወሰዱት አይሶሶርባይድ የሚል ስም ያላቸው ክኒኖች ናይትሬት ናቸው። ናይትሬት ጡንቻን የሚያላላውን ንጥረ ነገር ያመርታል፤ ቫያግራ፣ በመድኃኒት ስሙ ሲልዴናፊል፣ ያ ንጥረ ነገር እንዳይፈርስ ያግዳል። ሁለቱ ሲገናኙ የደም ሥሮች በመላ ሰውነት ይሰፋሉ፣ ግፊት ድንገት ይወርዳል፣ ለልብም ለአንጎልም ደም ያጥራል። እስካሁን ሁለት ጊዜ ያተረፈዎት ደረትዎ በእነዚያ ሌሊቶች አለማመሙ ሊሆን ይችላል። ቫያግራውን አንድም ክኒን አይዋጡ፤ የልብ ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይቻልም። ቫያግራ ወይም መሰል ክኒን የወሰደ ሰው ደረቱን ቢያመው ምላሱ ሥር ናይትሮግሊሰሪን አያድርግ፤ ግንኙነቱን ያቁም፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ፣ የወሰደውን ክኒን ስምና ሰዓት ይናገር። ሲልዴናፊል ከተወሰደ 24 ሰዓት፣ ታዳላፊል የሚባለው የዚሁ ዓይነት ክኒን ከተወሰደ 48 ሰዓት ሳይሞላ ናይትሬት አይሰጥም። ይህንን አፍረው በመደበቅ የሚጎዱ ሰዎች አሉ።

ናይትሬት ለማይወስዱ ሌሎች አንባቢዎቻችን ግን «ክኒኑ አልሠራም» ከሚሉት ብዙዎቹ አጠቃቀሙን ነው የሚስቱት። ሲልዴናፊል አብዛኛውን ጊዜ በ50 ሚሊግራም ይጀመራል። በባዶ ሆድ፣ ከግንኙነት አንድ ሰዓት ገደማ በፊት ይወሰዳል፤ ቅባት የበዛበት ምግብ መድኃኒቱ ወደ ደም መግባቱን በአንድ ሰዓት ያህል ያዘገየዋል፣ ኃይሉንም ይቀንሰዋል። ታዳላፊልን ምግብ አያግደውም፤ ሁለት ሰዓት ቀድሞ 10 ሚሊግራም መውሰድ ይቻላል፣ ሥራውም እስከ 36 ሰዓት ይቆያል፤ በየቀኑ 5 ሚሊግራም የሚወስዱም አሉ። ክኒኑ ስሜት አይፈጥርም፤ መነካካትና መቀስቀስ ከሌለ ነርቩ ናይትሪክ ኦክሳይድ አይለቅም፣ ክኒኑም የሚጠብቀው ነገር አይኖረውም። ተቀምጦ ሰዓት እያዩ መጠበቅ የተለመደው ስሕተት ነው። በትክክለኛው አወሳሰድና ሐኪም በፈቀደው ከፍተኛ መጠን ቢያንስ ስድስት ጊዜ ሳይሞከር አልሠራም አይባልም። ከ100 ሚሊግራም በላይ ሲልዴናፊል መዋጥ የሚጨምረው ራስ ምታቱን፣ የፊት መቅላቱን፣ የእይታ ወደ ሰማያዊነት መለወጡን ነው። ለፕሮስቴት ታምሱሎሲን ወይም መሰሎቹን የሚወስድ ሰው በዝቅተኛ መጠን ይጀምራል፤ ሲነሳ ሊያዞረው ይችላል። «የተፈጥሮ ነው» ተብለው የሚሸጡ ዱቄቶችና ማሮች ደግሞ ተመርምረው ብዙ ጊዜ ያልተጻፈባቸው ሲልዴናፊል ወይም ታዳላፊል ተገኝቶባቸዋል፤ ናይትሬት የሚወስድ ሰው ሳያውቅ የሚገባበት ወጥመድ ይህ ነው።

ይህ መድኃኒት በመጀመሪያ የተሞከረው ለልብ ደረት ሕመም መሆኑን ማንሳት ደስ ይላል። ለልቡ ብዙም ሳይጠቅም ቀረ፤ በተጓዳኝ ጉዳቱ ታዋቂ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1998 ለስንፈተ ወሲብ ተፈቀደ።

ጥያቄ፦ ብስክሌት መንዳት ያመጣል ይባላል። በሳምንት አምስት ቀን እነዳለሁ፤ እውነት ነው?

መልስ፦ መንዳቱ ለልብ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ኮርቻው ነው። ክብደትዎ በብልትና በፊንጢጣ መካከል ባለው ቦታ ላይ ሲያርፍ በዚያ የሚያልፉትን ነርቭና ደም ሥር ይጫናል። መለኪያው መደንዘዝ ነው። ከነዱ በኋላ ቦታው ከደነዘዘዎ አፍንጫው አጭር ወይም አፍንጫ የሌለው ሰፊ ኮርቻ ይቀይሩ፣ ኮርቻውን አግድም ያስተካክሉ፣ በየ10 ደቂቃው ከመቀመጫው ብድግ ይበሉ። ካልደነዘዘ ይንዱ።

ጥያቄ፦ ብልቴ ሲቆም ወደ ላይ እየጎበጠ መጥቷል፤ ያመኛልም። ከላይ በኩል እንደ ባቄላ የሚጠጥር ነገር ይዳስሰኛል። ካንሰር ነው?

መልስ፦ የጻፉት የፔይሮኒ በሽታ የሚባለውን ይመስላል፤ ካንሰር አይደለም። በውጭው ጠንካራ ሽፋን ላይ ጠባሳ ሲፈጠር ያ ጎን አይለጠጥም፣ ብልቱ ወደዚያ ይጎብጣል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ይቀንሳል፤ ጉብጠቱ ግን ሊቀር ይችላል። ቆሞ ሳለ በስልክዎ ከላይና ከጎን ፎቶ አንስተው ለዩሮሎጂ (የሽንት ቧንቧና የብልት) ሐኪሙ ያሳዩት፤ ለስልሶ ሳለ የጉብጠቱ መጠን አይታይም። በኃይል ለማቅናት አይሞክሩ።

ጥያቄ፦ 33 ዓመቴ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በመኪና አደጋ የዳሌ አጥንቴ ተሰብሮ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ብልቴ በደንብ አይቆምም፣ ክኒንም አልሠራልኝም። ሐኪም ዶፕለር አልትራሳውንድ አዘዘልኝ፤ መርፌ አለው ተብዬ ፈራሁ። ምን ያደርጋሉ?

መልስ፦ ለእርስዎ ምርመራው በቦታው ነው። ብዙ ሰው ሳያስፈልገው የሚጠይቀው ይህ ምርመራ የሚጠቅመው ወጣት ሆኖ የዳሌ ጉዳት ላለበት፣ ክኒን ላልረዳው ወይም ቀዶ ጥገና ለታሰበለት ሰው ነው።

መርፌው ኢንሱሊን እንደሚወጋበት ያለ ቀጭን ነው። አልፕሮስታዲል የሚባል መድኃኒት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ማይክሮግራም፣ በብልት ጎን ወደ አንዱ ስፖንጅ ይሰጣል። የመርፌው ጫፍ ሲገባ እንደ ቁንጥጫ ይሰማል፤ ቀጥሎ የማቃጠል ስሜት ሊኖር ይችላል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ብልት ይቆማል፤ መርማሪው ጄል ቀብቶ በየአምስት ደቂቃው ለግማሽ ሰዓት ያህል በደም ቅዳዎቹ ውስጥ የደሙን ፍጥነት ይለካል። ልብ ስትመታ ያለው ከፍተኛ ፍጥነት በሴኮንድ ከ30 ሴንቲሜትር በላይ ከሆነ ደም በደንብ ይገባል ማለት ነው፤ ከ25 በታች ከሆነ መግቢያው ጠቧል። በልብ ምት መካከል ያለው ፍጥነት ከ5 በላይ ሆኖ ከቀጠለ ደሙ እየገባ መውጫው አልተዘጋም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስሕተት የሚፈጠረው በፍርሃት ነው። የተጨነቀ ሰው አድሬናሊኑ ጡንቻውን ስለሚይዘው፣ ጤናማው ደም ሥር «ያፈሳል» ተብሎ ሊጻፍበት ይችላል። ስለዚህ ክፍሉ ጸጥ ያለና የተዘጋ ይሁን፤ ሰው አይግባ አይውጣ፤ ብልቱ በደንብ ካልቆመ ሁለተኛ መጠን ሳይሰጥ ውጤት እንዳይጻፍ ይጠይቁ። የነርቩን ጉዳይ ለመለየት የሌሊት መለኪያም ሊታዘዝ ይችላል፤ ሁለት ቀለበት ብልት ላይ ታስሮ ለሁለት ወይም ለሦስት ሌሊት ይተኛል፣ ጫፉ ላይ 60 ከመቶ ጥንካሬ ለ10 ደቂቃ ከተመዘገበ አካሉ ይሠራል ይባላል።

መርፌው ራሱ ታሪክ አለው። እስከ እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አብዛኛው ሐኪም ይህን ችግር የአእምሮ ብቻ አድርጎ ያይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 ጃይልስ ብሪንድሊ የሚባል እንግሊዛዊ የፊዚዮሎጂ ሊቅ በላስ ቬጋስ በተደረገ የዩሮሎጂ ሐኪሞች ጉባኤ ላይ፣ ከንግግሩ በፊት ራሱን ወግቶ መጥቶ፣ ውጤቱን በተሰብሳቢው ፊት አሳየ። የተሰብሳቢው ድንጋጤ እስካሁን ይወራል፤ መድኃኒት ብቻውን፣ ያለ ምንም ስሜት፣ ብልትን ሊያቆም እንደሚችል ግን ከዚያ በኋላ ማንም አልተከራከረም።

ምርመራው ሲያልቅ ብልትዎ ሳይለሰልስ ከሕክምና ቦታው አይውጡ። ቤት ከደረሱ በኋላ እንደገና ቆሞ አራት ሰዓት ከሞላው፣ ባያምም፣ በዚያው ሌሊት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ውስጥ የተያዘው ደም ኦክስጅን አልቆበት ጡንቻውን ይጎዳል። እዚያ ደሙን በመርፌ ይቀዱታል፣ ፌኒሌፍሪን የሚባል መድኃኒትም ይሰጣሉ። የምርመራው ወረቀት ሲሰጥዎ የተሰጠው መድኃኒት መጠንና በዚያን ጊዜ የነበረው ጥንካሬ ከ1 እስከ 4 ተመዝግቦ እንደሆነ ይመልከቱ፤ እነዚህ ሁለቱ የሌሉበት የፍጥነት ቁጥር ለሚቀጥለው ሐኪም ብዙም አይጠቅመውም።